የተመለሰው አልጋ

«አልጋውን ለሌላ ሰው ስጡት። እሷ አትመጣም።»

ሚንዩ ይህን የሰማችው ኩሽና ቆማ የሩዝ አጥሚት ስታማስል ነው። አባቷ ሐኪም ኩዋንግ በረንዳው ላይ፣ ልብስ ከተሰጣበት ገመድ ሥር ጎንበስ ብለው፣ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ያወራሉ። ከበረንዳው ማዶ ወንዙም ድልድዩም በጉም ተውጠው የሚታየው የፊት ለፊቱ ሕንፃ ጥላሸት የለበሰ ግድግዳ ብቻ ነበር። ከስልኩ ውስጥ የወንድሟ የዠንጋንግ ድምፅ ይጮኻል፤ ቃሉ አይለይም፣ ንዴቱ ግን ይሰማል። ያንን አልጋ ለማግኘት ስንት ሰው ደጅ እንደጠና ሚንዩ ታውቃለች። በዚያ ክረምት ቾንግቺንግ ከተማ ውስጥ አልጋ የሚባል ነገር አልነበረም። ሳንባው የታመመ ሰው ሁሉ ከቤቱ ባመጣው ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ የሆስፒታል ኮሪደር ላይ ተራ ይጠብቅ ነበር። ወንድሟ ግን አንድ የትምህርት ቤት ጓደኛውን ለምኖ ለእናታቸው አንዲት አልጋ እስከ ቀትር ድረስ አስይዞላት ነበር። አባቷ ስልኩን ዘጉ። ከዚያ ገብተው እጃቸውን በሳሙና ታጠቡና፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ፣ ምድጃው ላይ የተጣደውን የሸክላ ማሰሮ የከደኑበትን ሳህን አንስተው እንፋሎቱን አሸተቱ።

«ማነው የደወለው፣ አባባ?»

«ወንድምሽ ነው።»

«ምን አለ?»

«ምን ይላል? እንዴት አደራችሁ አለ። ለመድኃኒቱ የሚገባው ጀሶ አልቋል፤ አንድ ነገር ቅመሽና ወርደሽ ግዢ።»

ሚንዩም ከዚያ በላይ አልጠየቀችም። በዚያ ቤት አባትን አፍ አውጥቶ «ዋሹኝ» ማለት የተለመደ አይደለም። አጥሚቱን በጎድጓዳ ሳህን ቀድታ፣ ከላዩ ጨው የገባ የሰናፍጭ ሥር በስሱ ከትፋ ጨምራበት ወደ እናቷ ይዛ ገባች። መኝታ ክፍሉ ጠባብ ነው። ግማሹን አልጋው፣ ግማሹን አባቷ ጡረታ ሲወጡ ከባህል ሕክምና ክሊኒካቸው ያስመጡት የመድኃኒት ቁም ሣጥን ይዞታል። በእያንዳንዷ ትንሽ መሳቢያ ላይ የሥሩ፣ የቅጠሉ፣ የልጣጩ ስም ተጽፏል። እናቷ ሉዎ ቹንሺው ዕድሜዋን ሙሉ በዚያ ሽታ ውስጥ ኖራ ልብሷም ጸጉሯም እንደ ደረቅ ቅጠል ይሸታል። የሳንባው ወረርሽኝ ወደ ሰፈሩ ከገባ ወዲህ ጎረቤቱ ሁሉ ያንን በር ያንኳኳል። ሐኪም ኩዋንግም ምላስ አይተው፣ የእጅ ትርታ ዳስሰው፣ ማ ኋንግ የሚሉትን ቅጠል ከጀሶ ድንጋይና ከመራራ ለውዝ ጋር እየመዘኑ በወረቀት ይጠቀልሉላቸዋል። ብዙዎቹ ተሽሏቸው ቆመው ሄደዋል። በመድኃኒቱ ይሁን በራሳቸው ጊዜ፣ ያን ለመለየት አቅም የነበረው ሰው አልነበረም። እናቷን ግን ሳሉ ሳይለቃት ሰነበተ። ትናንት ትኩሳቷ በረደ፤ ሚንዩም ደስ ብሏት ነበር። ዛሬ ትኩሳትም የለም፣ ሳልም የለም፣ ወሬም የለም። እናቷ ግድግዳውን ተደግፋ ዓይኗን ከድናለች። ከንፈሯ ዳር ዳሩን እንደ እንጆሪ ጭማቂ ወይን ጠጅ መስሏል።

«እማዬ፣ ትንሽ ቅመሽ።»

«አስቀምጪው። ይቀዝቅዝ።»

«ከቀዘቀዘ አትበዪውም።»

«እንግዲያው አልበላውም» አለች እናቷ፤ ፈገግ ለማለት ሞከረች፣ ትንፋሿ ግን አላደረሳትም።

የባህል መድኃኒት መሸጫው ከደረጃው ግርጌ፣ ከኑድል ቤቱ ጎን ነው። ሰልፉ የኑድል ቤቱን በር ዘግቶ ስለነበር ባለቤቱ ወጥቶ ይሳደባል። ሁሉም አፉን ሸፍኗል፤ ሁሉም ያስላል። ሚንዩ ከፊቷ የቆመችው ሴትዮ ስለ ባሏ የምታወራውን ትስማ እንጂ ልቧ በረንዳው ላይ ነበር፤ «እሷ አትመጣም» በሚለው ድምፅ ላይ። እናቷን ማን ጠየቃት? እያለች ታስባለች። አርባ ዓመት ሙሉ በዚያ ቤት ምን እንደሚበላ፣ ማን ማንን እንደሚያገባ፣ በሽታ በምን እንደሚድን የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። የራሷ ትዳር ሲፈርስ እንኳ ወደ ቤት ትመለስ አትመለስ ብለው የወሰኑት እሳቸው ነበሩ። አሁን ደግሞ የሐኪም ኩዋንግ ሚስት ሆስፒታል ተኛች እንዳይባል ነው! ከፊት በኩል ጭቅጭቅ ተነሣ።

«ማ ኋንግ የለም ብያለሁ!» ይላል ሻጩ። «ከትናንት ጀምሮ የለም። ብትረግሙኝም የለም።»

«የናትህ ተራ ሲደርስ ይገኛል፣ አይደል?» አለ ከሰልፉ አንዱ።

«እናቴ ከሞተች ቆይታለች። ለሷም የለም።»

ሰዉ በሳሉ መሐል ሳቀ። የሚንዩ ተራ ሲደርስ ጀሶውን መዘነላትና ዘጠኝ ዩዋን አላት።

«ዘጠኝ? ይኼ እኮ ድንጋይ ነው! ግድግዳ የሚለሰንበት ድንጋይ!»

«እንግዲያው የቤትሽን ግድግዳ ፍቂና ቀቅዪው፣ እህቴ።»

ከፍላ ወጣች።

ሕንፃው ሊፍት የለውም። የኩዋንግ ቤተሰብ የሚኖረው ላይኛው ፎቅ ነው። ሚንዩ መወጣጫው ላይ ትንፋሿን ለመሰብሰብ ስትቆም ከበላይዋ የአባቷን ድምፅ ሰማች። ከታችኛው ፎቅ የሚኖረው ዪን በራቸው ላይ ቆሟል፤ የከተማ አውቶቡስ የሚነዳ፣ ብቻውን ከሽማግሌ አባቱ ጋር የሚኖር ሰው ነው።

«ከንፈሩ ጠቁሯል አልከኝ?» ይላሉ አባቷ። «ዝም ብሎ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል?»

«አዎ፣ ሐኪም። ትኩሳቱ ግን በርዷል። የሰጡኝን ልድገምለት?»

«አትድገምለት። የኔ መድኃኒት ከዚህ በኋላ ለሱ አይሆንም። አየር ነው ያጠረው። አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰደው።»

«የት ብዬ? አልጋ እኮ የለም፣ ሐኪም። ሁለት ቦታ ሄጄ መለሱኝ።»

ከዚያ አባቷ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ ያስያዘው አንድ አልጋ አለ፤ ለሌላ ካልሰጠው። ስልክ ቁጥሩን ልስጥህና ደውልለት። እስከ ቀትር ነው፤ ሩጥ» አሉት።

ሚንዩ የጀሶውን ጥቅል ጨብጣ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች። ዪን ሲሮጥ ወርዶ ትከሻዋን ገፍቶ አለፈ፤ ይቅርታም አላላትም። ለሰው አባት ኦክስጅን፣ ለሚስት ግን ጀሶ! የቀረውን ደረጃ ወጥታ ገባች። አባቷ ከመኝታ ቤቱ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ሦስት ጣታቸውን እናቷ አንጓ ላይ አሳርፈዋል። ቀና ብለው አላዩዋትም። ሚንዩ ጥቅሉን ምድጃው አጠገብ ጥላ እንደገና ወጣች፤ ከጎን ያሉትን የእትዬ ፑን በር አንኳኩታ ጣት ላይ የሚገባውን የኦክስጅን መለኪያ ለመነቻቸው። እትዬ ፑ መለኪያዋን በላስቲክ ጠቅልለው ከሩዝ ጣሳ ውስጥ ነበር የሚደብቋት። «ቶሎ መልሽልኝ፣ ልጄ፣ ከመንገዱ ማዶም እየመጡ ይጠይቁኛል» ብለው ሰጧት።

መለኪያዋን የእናቷ ጣት ላይ ሰካች። ቁጥሩ ትንሽ ሲጨፍር ቆይቶ ሰማንያ አንድ ላይ ቆመ።

«እጇ ስለቀዘቀዘ ነው» አሉ አባቷ።

ሚንዩ የእናቷን እጅ በሁለት እጇ አሸችው፤ ተነፈሰችበት፤ ብብቷ ውስጥ አሞቀችው። ደግማ ሰካች። ሰማንያ። አባቷ መለኪያዋን ከእናቷ ጣት ላይ ቀስ ብለው አወለቁና የራሳቸው ጣት ላይ አደረጉ። ዘጠና ስድስት። አውልቀው የመድኃኒት ቁም ሣጥኑ ላይ አስቀመጧት። ከግድግዳው ማዶ የእትዬ ፑ ቴሌቪዥን ስለ አዲስ ዓመት ገበያ ያወራል። እናቷ ዓይኗን ከፍታ ባሏን አየቻቸው፤ እሳቸውም አዩዋት። ሚንዩ ያንን አተያይ አልወደደችውም። ከረጅም ዘመን ጀምሮ ልጆች የማይገቡበት፣ የባልና የሚስት አተያይ ነበር።

«ዠንጋንግን ልጠራው ነው» አለች። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ጮኸ። «መኪና ይዞ ይመጣል። ያስያዘውን አልጋ ለሰው እንደሰጡት ሰምቻለሁ፣ አባባ። በረንዳው ላይም ሰምቻለሁ። ወለልም ላይ ቢሆን እናስተኛታለን።»

መልስ ጠበቀች። ዕድሜዋን ሙሉ የምታውቀውን ጩኸት ጠበቀች። አባቷ ግን ከአልጋው ተነሥተው ወደ ኩሽና ሄዱና ምድጃውን አጠፉ።

ዠንጋንግ ሲመጣ ቀትር አልፏል። ጫማውን እንኳ አላወለቀም፤ አባቱን ሰላም አላለም። እናቱን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ከቀርከሃ ወንበር ጋር በአንሶላ አሰሯት፤ እሱ ከታች፣ ሚንዩ ከላይ ሆነው ተሸከሟት። እናቷ አልተቃወመችም። አንድ ጊዜ አፏን ከፍታ የሆነ ነገር ልትል ፈልጋ ወደ ሚንዩ ቀና አለች፤ ፊቷን አየችና ተወችው። «እግሯን ሸፍኑት፤ ደረጃው ነፋስ አለው» አሉ አባቷ፤ ያወጡት ቃል ያ ብቻ ነበር። ከኋላ ኋላ ሲወርዱ የጫማቸው ኮቴ በየፎቁ ይሰማል። በየበሩ የተከፈተ ስንጥቅ አለ፤ በየስንጥቁ ዓይን አለ። «የሐኪሙ ሚስት» ይላል አንዱ ሹክሹክታ፤ «እሷንም?» ይላል ሌላው። ሚንዩ በአባቷ አፈረች፤ ደግሞ በማፈሯ ተናደደች።

ሆስፒታሉ በር ላይ ዠንጋንግ ያልተጣላው ሰው የለም። በመጨረሻ ሁለተኛው ፎቅ ኮሪደር ላይ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ አጠገብ፣ ተሽከርካሪ አልጋ ተገኘ። ኦክስጅኑም ከሌላ በሽተኛ ጋር የሚጋሩት ነው። ዓይኗ የደፈረሰ ወጣት ዶክተር የሳንባዋን ምስል ወደ መብራቱ አንሥታ አየችውና፣ «ሁለቱም በበሽታው ነጭ ሆነዋል። የምንችለውን እናደርጋለን። ለምን ዘገያችሁ?» አለች። መልስ ሳትጠብቅ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈች። ከአልጋቸው ፊት ለፊት ያለው ክፍል በሩ ገርበብ ብሏል። በስንጥቁ የዪን አባት ይታያል፤ ነጭ አንሶላ ላይ ጋደም ብሎ፣ የራሱ የኦክስጅን ጭምብል ፊቱ ላይ ተገጥሞለት ይተነፍሳል። ዪን አያቸው። ወጥቶ መጣና ሐኪም ኩዋንግ ፊት ቆሞ ኮፍያውን አወለቀ።

«እንቀይራቸው፣ ሐኪም። አባቴን እኔ ወደዚህ አወጣዋለሁ።»

«ሂድ አባትህ ጋ ተቀመጥ» አሉት። «እዚህ የሚቀየር ነገር የለም።»

ዠንጋንግ ይህንን ሰምቶ የአንገቱ ሥር እስኪገታተር ድረስ ጥርሱን ነከሰ። ከዚያ ሌላ ዶክተር ሊፈልግ ወጥቶ ሄደ። አንዲት ነርስ የካርቶን ሣጥን እየገፋች መጥታ ለበሽተኛው ሁሉ በላስቲክ የታሸገ ሙቅ ቡናማ ፈሳሽ አደለች። አባቷ አንዱን ተቀብለው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ጽሑፉን አነበቡ። የሚያውቁት ነው፤ ማ ኋንግ፣ ጀሶ፣ መራራ ለውዝ። «አቅጥነውታል» አሉ። «ይኼ መድኃኒት አይደለም፣ ሻይ ነው።» እናቷ በጭምብሉ ውስጥ ሳቀች። ኦክስጅኑ ትንሽ ነፍስ ዘርቶባት፣ ጉንጯ ላይ የቀለም ምልክት መጥቶ ነበር። አባቷ ፊቷን አይተው፣ ሙቅ ውሃ ላምጣ ብለው ጽዋ ይዘው ወደ ኮሪደሩ መጨረሻ ሄዱ።

ያኔ ነው እናቷ ጭምብሉን በጣቷ ከፍ አድርጋ ሚንዩን በአገጯ የጠራቻት።

«አባትሽን አትቀየሚው።»

«አትናገሪ፣ እማዬ። ይደክምሻል።»

«እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት።» ቃሉን በቁርጥራጭ ነው የምታወጣው፤ በየመሐሉ ጭምብሉን እየመለሰች አየር ትስባለች። «እህቴን ታስታውሻለሽ። ሆስፒታል ስትተኛ ማንም እንዲገባላት አልፈቀዱም። ብቻዋን ሞታ አመዷን በሣጥን አመጡልን። እኔም እንደዛ እንዳልሆን ብዬ አስማልኩት። ለመነኝ። አለቀሰ እኮ፣ ያ አባትሽ። መድኃኒቴ እዚያ አይደርስም፣ ሆስፒታል እንሂድ ብሎ ለመነኝ። እኔ ነኝ ለልጆቹ አንተ ከለከልክ በላቸው ያልኩት። እኔን ታሸንፉኛላችሁ፤ እሱን ግን አትደፍሩትም ብዬ።»

ሚንዩ ብርድ ልብሱን ጨበጠች።

«ታዲያ ስንሸከምሽ ለምን ዝም አልሽ?»

«ፊትሽን አይቼ» አለች እናቷ። ትንሽ አየር ሳበች። «ደግሞ እሱን አየሁት። ወንበሩን ስታመጡ። ሰምቶት የማያውቀውን የምሥራች የሰማ ይመስል ነበር። የማይታዘዘው ልጅ ሲጠብቅ ነው የኖረው።» ከዚያ ኮሪደሩን፣ ወዲያ ወዲህ የሚለውን ሰው፣ መሬት ላይ የተኙትን አየች። «እዚህስ አስገቧችሁ። ደህና ነው።»

አባቷ ጽዋውን ይዘው ሲመለሱ ጭምብሉ ቦታው ላይ ነበር። ውሃውን አጠጧት፤ ከንፈሯን ብቻ አረጠበች። ከዚያ በኋላ ብዙ አልተናገረችም። ከሰዓት በኋላው እየገፋ ሄደ፤ በመስኮቱ የሚታየው ጉም ከነጭ ወደ አመድማ ተለወጠ። አባቷ ክብ በርጩማ ስበው ራስጌዋ ተቀምጠው እጇን ያዙ። ዓይናቸውን መሬት ላይ ካለ ቀይ መስመር ላይ ተክለው ቆዩ። ሚንዩ የእናቷን እግር እያሸች ነበር። በአንድ ቅጽበት አባቷ ትንፋሻቸውን ያዙ፤ ፊታቸው ላይ የተለወጠ ነገር የለም፤ እጇን ብቻ ጠበቅ አድርገው ያዙት። የልብ ምት የሚቆጣጠረው መሣሪያ መጮህ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ነርሷ ሮጣ መጣች፤ ወጣቷ ዶክተርም መጣች። ደረቷን ተጭነው ጥቂት ሠሩና ተዉት። ኮሪደሩ ላይ አንድ ሰው ሲሞት ሌላው ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል፤ ያ ብቻ ነበር የተደረገላት ክብር።

ዠንጋንግ የሆነ ሰው ስም የተጻፈበት ወረቀት ይዞ እየሮጠ ሲመለስ ነጩ አንሶላ ፊቷ ላይ ነበር። ቆመ። ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ፤ መልሶ አወጣው። ከዚያ አባቱን ቁልቁል አየ።

«ጠዋት ብትመጣ ትድን ነበር» አለ። አልጮኸም። «አልጋ ነበራት። በር ያለው ክፍል ውስጥ። እርስዎ አልጋዋን ለባዕድ ሰጥተው እሷን በድንጋይ ውሃ ሲያስታምሙ ዋሉ። አሁን ደስ አለዎት?»

ሐኪም ኩዋንግ አንገታቸውን አላነሡም።

«ይናገሩ እንጂ!»

«ምን ልበልህ?» አሉ። «ልክ ነህ።»

ዠንጋንግ ይህንን አልጠበቀም ነበር። ሊመታ እንደተነሣ፣ የሚመታው እንዳጣ ሰው እጁ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ዞሮ የሬሳ መውሰጃውን ጉዳይ ሊጨርስ ወደ መዝገብ ቤቱ መስኮት ሄደ። ሚንዩ ተከትላው ልትሮጥ ተነሣች። አባቷ ክንዷን ያዙ። አያያዛቸው ጠንካራ ነበር።

«ነገረችሽ፣ አይደል?»

«ነግራኛለች። ሁሉንም። ሄጄ እነግረዋለሁ፣ አባባ። እንደዚህ ሊናገርዎት አይገባም።»

«አትነግሪውም።»

«ለምን?»

«በእኔ ይቆጣ። እኔ አለሁ። የዛሬ ዓመትም፣ የዛሬ ሁለት ዓመትም ቢሆን በሬን አንኳኩቶ ይታረቀኛል፤ ወይ ይሰድበኛል። በእሷ ከተቆጣ ግን የት ሄዶ ይታረቃታል?»

ሚንዩ ቀስ ብላ ተመልሳ ቆመች። ወንድሟ ከመስኮቱ ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል። አባቱን አላየም። እሷን ብቻ እያየ፣ «መታወቂያዋን ይፈልጋሉ። ሰውዬው ጋ ካለ ተቀበይልኝ» አላት። አባቷ ከደረት ኪሳቸው በመሐረብ የተጠቀለለውን የሚስታቸውን መታወቂያ አወጡና ለሚንዩ ሰጧት። ሚንዩም ተቀብላ ለወንድሟ አቀበለችው። እናቷ የነገረቻትን ግን አልነገረችውም።